ቱኦል ስሌንግ፦ ትምህርት ቤት የነበረውን እስር ቤት አይቼ መጣሁ

መስኮት_ዳር

ሰላም ወገኖች። ለሥራ ካምቦዲያ ሄጄ ነበር። ዋና ከተማው ፕኖም ፔን ውስጥ ቱኦል ስሌንግ የሚባል የዘር ማጥፋት ሙዚየም አለ። ካየሁት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና እናውራበት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ስለ ካምቦዲያ ሳወራ ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ። ክመር ሩዥ የሚባሉት የፖል ፖት ታጣቂዎች በሚያዝያ 1975 ፕኖም ፔንን ያዙ። የከተማውን ሕዝብ በሙሉ፣ ሆስፒታል የተኛውን ሳይቀር፣ ወደ ገጠር ነዱት። ገንዘብ ቀረ፣ ገበያ ቀረ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እስከ ጥር 1979 ድረስ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ፣ በበሽታ፣ በጉልበት ሥራና በግድያ አለቀ። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አስቡት።

ባዶ ከቀሩት ትምህርት ቤቶች አንዱን አጥረው እስር ቤት አደረጉት። ስሙንም ኤስ-21 አሉት፤ የዛሬው ቱኦል ስሌንግ ማለት ነው። ከ12,000 በላይ ሰው እንደገባበት በሰነድ ተረጋግጧል፤ እስከ 18,000 የሚያደርሱትም አሉ። በሕይወት የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከውጭ ሲታይ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው። ፎቅ ያላቸው አራት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ሣር ያለው ግቢ፣ ነጭ አበባ የሚያወጡ ዛፎች። ተማሪዎች ስፖርት የሚሠሩበት የእንጨት ማንጠልጠያ እንኳ አለ። እስረኛ ቁልቁል ይሰቀልበት ነበር። ራሱን ሲስት ከሥሩ ባለው የቆሸሸ ውሃ ጋን ውስጥ ይነክሩታል። ሲነቃ ምርመራው ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ሕንፃ ምድር ቤት ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ የብረት አልጋ አለ፤ ፍራሽ የለውም። አልጋው ላይ የእግር ብረትና የጥይት ሣጥን ተቀምጧል። ሣጥኑ መጸዳጃ ነበር። ወለሉ ቢጫና ነጭ ንጣፍ ነው፤ የድሮ ቡና ቤት ወለል ይመስላል። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ ሳየው ያው ክፍል ነው። ያው አልጋ፣ ያው ወለል። አልጋው ላይ ሰው አለ። የቬትናም ጦር በጥር 1979 ከተማዋን ሲይዝ ሁለት የጦር ጋዜጠኞች ሽታውን ተከትለው እዚህ ግቢ ደረሱ። ጠባቂዎቹ ሲሸሹ የገደሏቸው ሰዎች እንደታሰሩ ተገኙ። ፎቶውን ያነሱት ያኔ ነው። አሥራ አራት አስከሬን ግቢው ውስጥ ተቀበረ፤ ነጫጮቹ መቃብሮች በሩ አጠገብ ናቸው።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ምንም የለም። መስታወት፣ መብራት፣ ሙዚቃ የለም። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ስለ ጭካኔ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ፊልምም አይቻለሁ። ነገሩ የተደረገበት ወለል ላይ መቆም ግን ሌላ ነው። ክፍሉን እንዳለ ለመተው የወሰነውን ሰው አመሰግናለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ እኛ አገር እንዲህ ሳይነካ የቆየ ክፍል አለ? ካለስ ማን እየጠበቀው ነው?

ጉለሌ_ልጅ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ አይዋጥልኝም። ሰው ተሠቃይቶ የሞተበትን ክፍል ትኬት ቆርጦ መጎብኘት ምን ይባላል? የሟቹ እናት ብትሆኚ የልጅሽን የመጨረሻ ፎቶ ቱሪስት ቁምጣ ለብሶ ሲያየው ደስ ይልሻል? በእኛ ባህል አስከሬን ይሸፈናል። የሞተ ሰው አይታይም።

ለታሪክ ከሆነ መጽሐፍ አለ። ሐውልት ማቆም ይቻላል። አልጋውን ለምን ያቆዩታል?

መስኮት_ዳር

ጉለሌ_ልጅ፣ ያልከው ተገቢ ነው። እኔም ስገባ ሰቅጥጦኛል። ግን እዚያ ታስረው የተረፉት ራሳቸው ምን መረጡ የሚለውን እንይ።

ቫን ናት ሠዓሊ ነበር። የተረፈው የፖል ፖትን ምስል እንዲሥል ስለፈለጉት ነው። ከነጻነት በኋላ ወደዚያው ግቢ ተመልሶ ያየውንና የሰማውን ሣለ። ሕፃን ከእናቱ ሲነጠቅ፣ እስረኞች እግራቸው በአንድ ረጅም ብረት ተጠርንፎ ወለል ላይ ሲተኙ። ሥዕሎቹ አሁንም እዚያው ተሰቅለዋል፤ እሱ በ2011 አርፏል። ቹም ሜይ መካኒክ ነበር። የእግር ጣት ጥፍሩን ነቅለውታል፣ በኤሌክትሪክ ጠብሰውታል። የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ስለሚችል አቆዩት። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን በሽሽቱ ሰዓት ገደሉበት። ይሄ ሰው ለዓመታት ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ለጎብኚ ታሪኩን ሲናገር ኖሯል። የታሰረባትን ጠባብ ክፍል እየገባ ያሳይ ነበር።

ክፍሎቹ ይፍረሱ አላሉም። ማንም ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አያይልኝም፣ ክፍሉን ግን ያያል ያሉ ይመስለኛል።

ቁምጣ ላልከው ደግሞ፣ በር ላይ የአለባበስ ማሳሰቢያ አለ። የሚስቅ ፊት ሥሎ በቀይ የሰረዘ ምልክትም ግድግዳው ላይ አየሁ። ሰዉ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል። ጮክ ብሎ የሚያወራ አልሰማሁም።

መምህሩ

እኔ ሃይስኩል ሒሳብ ነው የማስተምረው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። የኤስ-21 አዛዥ ዱች የሚባለው ሰው፣ ሙሉ ስሙ ካይንግ ጉክ ኢቭ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ጎበዝ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ተማሪዎቹ የሚያከብሩት። ፖል ፖትም አስተማሪ ነበር። ጠባቂዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጅ እግር ወጣቶች ናቸው። የተማሪዎቼ እኩዮች ማለት ነው።

ዱች እስር ቤቱን ያስተዳደረው እንደ ደብተር ነው። የገባ ሁሉ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል። ቀጥሎ እስኪያምን ይገረፋል። የሲአይኤ ሰላይ ነኝ፣ የኬጂቢ ሰላይ ነኝ፣ የቬትናም ተላላኪ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ስም ጥራ ይባላል። የጠራቸው ሰዎች ደግሞ በተራቸው ይመጣሉ። ሰንሰለቱ መጨረሻ ስለሌለው ቆይቶ የራሱን የክመር ሩዥን ካድሬዎች መብላት ጀመረ። ጠባቂዎችና መርማሪዎችም ሳይቀሩ እስረኛ ሆነው ገብተው አልወጡም።

እንግዲህ «ያልተማረ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው» ለምንል ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን እንዲህ ያለ ቦታ ብወስድ ደስ ይለኛል። የራስ ቅል ያለበት ክፍል አላስገባቸውም። ፎቶዎቹ ፊት ግን አቆማቸዋለሁ።

ስቶክሆልም_ነኝ

ስለ ፎቶዎቹ ንገሪን እስቲ። እኔ የማውቀው በኢንተርኔት ነው። በ2021 አንድ ባለሙያ የእስረኞቹን ፎቶ ቀለም ቀብቶ አንዳንዶቹን ፈገግ አድርጓቸው ወጥቶ ነበር። የካምቦዲያ መንግሥት ተቃወመ፣ የተጎጂ ቤተሰቦች ተቆጡ፣ ያወጣው ሚዲያም አነሳው። እኔ ያኔ በጣም ነው የተናደድኩት። ሊገደል የተቀመጠን ሰው ፊት ነክቶ ፈገግ ማሰኘት የመጨረሻ ድፍረት ነው።

መስኮት_ዳር

ስቶክሆልም፣ ፎቶዎቹ ሁለተኛው ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ከ5,000 በላይ ኔጋቲቭ ተርፏል። ብዙዎቹ ታጥበው በረድፍ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ያዩሃል። አንዳንዱ ደንግጧል፣ አንዳንዱ ተቆጥቷል። ዓይኑ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገና እንደፈቱለት በብርሃኑ ግራ የተጋባም አለ። ሕፃን ያቀፈች ሴት አለች። ሸሚዝ ያልለበሰ ልጅ አለ፤ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ቆዳ ላይ ሰክተውታል።

እዚያው ግቢ ፎቶ ይነሱበት የነበረው ወንበርም አለ። ከኋላው ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ የሚይዝ ብረት አለው።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ስማቸው ከፎቶው ጋር ያልተገናኘ ሰዎች ብዛት ነው። ፊቱ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ስሙ የለም። ቤተሰብ መጥቶ «ይሄ ወንድሜ ነው» ሲል አንዱ ስም ያገኛል። ሠራተኞቹ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ አልተዉም። መዝገቡን ዩኔስኮ በ2009 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቦታል። ቦታው ራሱ ደግሞ ከቾንግ ኤክ የመግደያ ሜዳና ኤም-13 ከሚባለው የቀድሞ እስር ቤት ጋር በ2025 የዓለም ቅርስ ሆኗል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ኬሪ ሃሚል የሚባል የኒውዚላንድ ወጣት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ሲጓዝ በ1978 ካምቦዲያ ባሕር ላይ ተያዘ። አንዱ እዚያው ተገደለ። ኬሪና አንድ እንግሊዛዊ ወደ ኤስ-21 መጡ። ሰላይ ነኝ ብለህ ጻፍ አሉት፣ ጻፈ። አለቃዬ ኮሎኔል ሳንደርስ ነው ብሎ የዶሮ ጥብሱን ሰውዬ ስም አስገባ። የቤታቸውን ስልክ ቁጥር የስለላ ቁጥር አስመሰለው። የእናቱን የአስቴርን ስም የአሰልጣኝ ስም አስመስሎ ደበቀው። ገራፊዎቹ አላወቁም። ወንድሙ ሮብ በ2009 ፍርድ ቤት ቀርቦ በዱች ፊት መሰከረ። ኬሪ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ ለእናቱ ቃል ላከላት። እንዴት ያለ ልብ ነው!

ጠበቃ_ከአዋሳ

ፍርድ ቤቱ ከተነሳ አይቀር፣ ሕጉን በተመለከተ ልበል። የካምቦዲያ ልዩ ችሎት የአገሬው ዳኞችና በተባበሩት መንግሥታት የተሾሙ ዳኞች አብረው የተቀመጡበት ነው። ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። ፖል ፖት ቀድሞ በ1998 ሞቷል። ዱች በሐምሌ 2010 35 ዓመት ተፈረደበት፣ በይግባኝ በ2012 ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አለ፣ በ2020 በእስር ላይ እያለ ሞተ።

ከመስኮት_ዳር ሐሳብ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በየካቲት 2008 መርማሪ ዳኞቹ ዱችን ወደዚያው ግቢ ይዘውት ሄዱ። የተረፉትም ባሉበት ክፍል በክፍል አስኬዱት። አለቀሰ። ሕንፃው ፈርሶ ቢሆን ይህ አይደረግም ነበር። ሕንፃው ለጎብኚ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። ከሕንፃው ሌላ ደግሞ ወረቀቱ አለ፤ በእስረኞቹ ዝርዝር ላይ የዱች የእጅ ጽሑፍ፣ ትእዛዝና ፊርማ ተገኝቷል።

የእኛን የቀይ ሽብር ክስ አስታውሱ። ዐቃቤ ሕጉ የሠራው በወረቀት ነው። ደርግም መዝጋቢ ነበር፤ «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» የሚል ደብዳቤ በፊርማና በማኅተም። ክሱ በ1987 ተጀምሮ እስከ 1999 ቆየ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት ጥፋተኛ ተባለ። የእኛ የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዘር ማጥፋት ውስጥ ያካትት ስለነበር ፍርዱ በዚያ አንቀጽ ሆነ። ዱች የተፈረደበት ግን በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀልና በጦር ወንጀል ነው። በዚህ የእኛ ሕግ ሰፋ ያለ ነበር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የአራዳዋ_እናት

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሳነብ ቆየሁ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድሜን በ1970 አዲስ አበባ ላይ ወስደውብናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ያልሽውን ሙዚየም አላየሁም። ስለዚያ ቦታ ሳነብ ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእስረኞች ደንብ አገኘሁ። አንዱ «ስትገረፍ ወይም ኤሌክትሪክ ሲይዝህ ፈጽሞ ማልቀስ አይፈቀድልህም» ይላል። እዚያች ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። እኛም ማልቀስ ተከልክለናል። ድንኳን መጣል ክልክል ነበር፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። እናታችን ሌሊት ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምታለቅስ። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ አሉ። እኛስ አስከሬኑንም አላገኘነው።

የታሰረበት ቤት ቆሟል። ቀበሌ ነበር ያኔም፣ በኋላም ቀበሌ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ መታወቂያ ለማሳደስ እዚያው ነበር የምሄደው። ሰልፍ ይዤ ስቆም የኋለኛው ክፍል በር ይታየኛል። ወፌ ላላ የሚያደርጉበት እዚያ ነበር ይባላል። ማኅተም የምትመታው ልጅ ምን ታውቃለች? ምንም። ከኔ ጋር የተሰለፈውም ምንም አያውቅም።

ጉለሌ_ልጅ፣ አስከሬን ይሸፈናል ያልከው እውነት ነው የኔ ልጅ። ግን የሚሸፈነው የተገኘ ነው። ያልተገኘውን ምኑን እንሸፍነው? እኔ አልጋውና ገመዱ ይታይ አልልም፣ ልቤ አይችልም። እዚያ በር ላይ ግን ስማቸው ቢጻፍ፣ እዚህ ቤት እነ እገሌ ነበሩ ቢል፣ ለኔ በቂዬ ነው።

ጉለሌ_ልጅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወንድምዎን ነፍስ ይማር። የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። የስሙን ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አልጋውን ማሳየት ላይ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። በር ላይ ስም መጻፍ ግን ማንንም አያስቸግርም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። እስከ ዛሬ ያልተደረገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሜክሲኮ_አካባቢ

የመስኮት_ዳር ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል፤ እኔ ልሞክር።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ተከፈተ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት፣ ልብስ፣ በግድግዳ ሙሉ የወጣቶች ፎቶ አለው። ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች አሉ። ሄዳችሁ ካላያችሁ በጣም ይቆጨኛል። መንግሥቱ በሚያዝያ 1969 ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ እየሰበረ ሽብሩን ያወጀበት አደባባይም እዚያው ነው። ሙዚየሙ ግን ለሙዚየምነት የተሠራ አዲስ ቤት ነው። እስር ቤት አልነበረም።

እስር ቤቱማ ከርቸሌ ነበር። ውስጡ ያለው ዓለም በቃኝ። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የታፈሰው ሰው እዚያ ታጉሯል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ በሌሊት ስሙ ተጠርቶ ወጣ። የንጉሡ ቤተሰብ ሴቶችም ዓመታት አሳልፈውበታል። ጣሊያን፣ ንጉሡ፣ ደርግ፣ ከዚያም በኋላ የመጣው፣ ሁሉም ተጠቅሞበታል። የአንድ ሥርዓት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፣ ፈረሰ። በ2004 የኅብረቱ ረጅም ሕንፃ ተመረቀበት። ኅብረቱ በግቢው የሰብዓዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም ወስኗል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ሰፈሩ ውስጥ ያደገ ልጅ ዛሬ ዓለም በቃኝ የቱ ጋ ነበር ብትለው በጣቱ የሚያሳይህ ግድግዳ የለም። አንድ ክፍል፣ አንዲት በር ብትቀር ምን ነበረበት? እኔ በዚህ ነገር ሁሌም አዝናለሁ።

የቀረን ማዕከላዊ ነው። በ2010 ይዘጋና ሙዚየም ይሁን ተባለ። በ2011 ጳጉሜን ላይ ለሕዝብ ተከፍቶ ብዙ ሰው ገብቶ አየው። የታሰሩት ራሳቸው «እዚህ ነበርኩ» እያሉ ሲያሳዩ ነበር። ግድግዳው ላይ የተጫረው ጽሑፍ፣ ጨለማ ክፍሉ፣ ሁሉም እንዳለ ነበር። እሱን እንኳ ቀለም ሳይቀቡ ቢያቆዩት።

መምህሩ

ሜክሲኮ_አካባቢ፣ ቀለሙን በጣም እደግፋለሁ። ማደስ የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። የቱኦል ስሌንግ የመማሪያ ክፍሎች ጥቁር ሰሌዳቸው እንኳ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው ይባላል። እውነት ነው መስኮት_ዳር?

መስኮት_ዳር

እውነት ነው። ሦስተኛው ሕንፃ ውስጥ ክፍሉን በጡብ ከፋፍለው አንድ ሰው እንኳ በቅጡ የማይዘረጋባቸው ጠባብ ክፍሎች ሠርተዋል። ፎቁ ላይ ያሉት በእንጨት ናቸው። ለመተላለፊያ የመማሪያ ክፍሉን ግድግዳ በመዶሻ በስተውታል፤ ጠርዙን እንኳ አላስተካከሉትም። ከጡቡ በላይ ሰሌዳው ይታያል። ከውጭ በረንዳው በሙሉ በእሾህ ሽቦ መረብ ተሸፍኗል፤ እስረኛ ከፎቅ ዘሎ እንዳይሞት ነው።

እትዬ፣ መልእክትዎን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ አቅም አጣሁ። የወንድምዎን ስምና ሰፈሩን ለመስቀል አደባባዩ ሙዚየም አስመዝግበው ያውቃሉ? ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ነኝ፣ በአካል ሄጄ እጠይቅልዎታለሁ። ፎቶም ካለዎት በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።

የአራዳዋ_እናት

ተባረኪ ልጄ። ስሙን እህቴ አስመዝግባለች መሰለኝ፤ ፎቶው ግን እኔ ጋ ነው ያለው። የትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ የነበረች ትንሽ ናት። ዛሬ ማታ ልጄ ሲመጣ በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል።

ባንኮክ_ትራንዚት

ይቅርታ፣ ከባዱ ወሬ መሃል በተግባር ጥያቄ ስለመጣሁ። ከባለቤቴና ከአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ጋር በዚያ በኩል እናልፋለን። ልጁ ይችለዋል? ቾንግ ኤክንም በዚያው ቀን ማየት ይቻላል?

መስኮት_ዳር

ይቻላል። ቾንግ ኤክ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በባጃጅ ይኬዳል። ኤስ-21 የነበሩት ሌሊት በመኪና ተጭነው የሚገደሉበት ሜዳ ነው። ወደ 9,000 የሚጠጋ አስከሬን ወጥቶበታል፣ ያልተቆፈረም መቃብር አለ። ዝናብ ሲዘንብ እስከ ዛሬ አጥንትና ጨርቅ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ በተከለለው መንገድ ብቻ ሂዱ።

እኔ የምመክረው ቱኦል ስሌንግን አስቀድሙ፤ ያለዚያ ሜዳው ላይ የሚነገረው አይገባችሁም። የጆሮ ማዳመጫ ተከራዩ፣ ትረካው ጥሩ ነው፣ የፈለጋችሁትን ክፍል እየዘለላችሁ መስማት ትችላላችሁ። የልጁን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። ከመግባታችሁ በፊት ምን እንደሚያይ ንገረው፣ ልውጣ ካለ አታስገድደው፤ ግቢው ውስጥ ከዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ውሃ ያዙ። ማታውን እራት ግብዣ ወይም ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።